ያውቁ ኖሯል? የጎልፍ ዱላ ዓይንን እንዴት ይመራል

«ነገር በዓይን ይገባል» ይባላል። የጎልፍ ዱላ ሠሪዎች የሚደክሙት ለተጫዋቹ ክንድ ብቻ አይደለም፤ ለዓይኑም ነው። በዱላው ራስ ላይ የሚሰመረው ነጭ መስመር፣ የምትቀባው ቀይ ነጥብ፣ የሚመረጠው ቀለም ለጌጥ የተደረገ ይመስላል። አብዛኛው ግን ተጫዋቹ ኳሱን ከመምታቱ በፊት ዓይኑን ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ለመምራት የታሰበ ነው። እነሆ፣ ስለዚህ ረቂቅ ጥበብ ሊያውቁት የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

የአንዲት ዲግሪ ዋጋ

• የጎልፍ ጉድጓድ አፉ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ይህን ልክ የስኮትላንዱ የጎልፍ ሕግ አውጪ አር ኤንድ ኤ በ1891 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ደነገገው፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። (በዚህ አምድ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኳሱ ስፋት ደግሞ ከ42.67 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም።

• ተጫዋቹ 3 ሜትር ርቆ ቆሞ የፑተሩ (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልልበት ዱላ) ፊት በ1 ዲግሪ ብቻ ቢዞርበት፣ ኳሱ ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ ከመሀሉ 5.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። የጉድጓዱ ግማሽ ስፋት 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ በ1 ዲግሪ ስህተት ኳሱ አፋፉን ይዞ ይንገዋለላል፤ ሊገባም ላይገባም ይችላል። ርቀቱ 6 ሜትር ከሆነ ግን ስህተቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፤ ኳሱም በደህና አጠገቡን ያልፋል።

• በረጅሙ ምት ጉዳቱ ይከፋል። 200 ሜትር የተጓዘ ኳስ በ1 ዲግሪ ቢስት 3.5 ሜትር፣ በ3 ዲግሪ ቢስት ከ10 ሜትር በላይ ከታለመለት ቦታ ይርቃል። በሜዳው መሀልና በዛፎቹ ውስጥ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

• በ72 ምት እንዲጠናቀቅ የተቀየሰ ሜዳ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት የፑተር ምት ታስቦለታል። ለ18 ጉድጓዶች 36 ምት ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ግማሹ! ሠሪዎች ከሁሉም ዱላ ይልቅ በፑተር ራስ ላይ መስመር ሲያሰምሩና ቅርጽ ሲለዋውጡ የሚውሉት ለዚህ ነው።

• ጠመንጃ ተኳሽ ዓይኑ ከመሣሪያው ጀርባ ነው። ቀስተኛም እንዲሁ። ጎልፈኛ ግን ከዒላማው ጎን ቆሞ፣ ቁልቁል ኳሱን እያየ፣ አንገቱን አዙሮ ወደ ጉድጓዱ ይመለከታል። መስመሩን ከኋላው ሆኖ ሳይሆን ከጎኑ ሆኖ ይገምታል። በጎልፍ ማነጣጠር የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓይን የሚችለውና የሚሳሳተው

• የሰው ዓይን ሁለት መስመሮች ጫፍ ለጫፍ መግጠም አለመግጠማቸውን ለመለየት የሚደንቅ ችሎታ አለው። ይህ ችሎታ በሐኪም ቤት ፊደል ከምናነብበት የማየት ኃይል ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በጥሩ ብርሃን፣ ቆሞ ከሚያይ ሰው እስከ መሬት ባለው ርቀት፣ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ መዛነፍ ሊታየን ይችላል።

• ይህ ችሎታ «ቨርኒየር» በሚል ስም ይታወቃል። ስሙን ያገኘው በ1631 ጥቃቅን ልኬቶችን የሚያነብ ተንሸራታች ማስመሪያ ካስተዋወቀው ፈረንሳዊው ፒየር ቨርኒየር ነው። ካላዌይ የተባለው ኩባንያ በ2019 በኳስ ላይ፣ በ2020 ደግሞ በፑተር ላይ ሦስት ጎን ለጎን የተሰመሩ መስመሮችን ሲያወጣ የተመረኮዘው በዚሁ የዓይን ብልሃት ላይ ነው። በኳሱ ላይ ያሉት መስመሮች በፑተሩ ላይ ካሉት ጋር ሲገጥሙ፣ ትንሿ መጣመም ወዲያው ትታያለች።

• ግንበኛ ድንጋይ ከመደርደሩ በፊት ክር የሚወጥረው ዓይኑ ብቻውን ረጅም ቀጥታ መስመር ስለማይዝለት ነው። በፑተር ላይ ያለው መስመርም ሥራው ያው ነው፤ ዓይን የሚመረኮዝበት ቀጥ ያለ ነገር ይሰጣል።

• ዓይናችን ቀጥ ብሎ የቆመንና የተጋደመን መስመር ከሰያፍ መስመር አሻሽሎ ይለያል። ስለዚህ በብዙ ፑተሮች ላይ አንዱ መስመር ወደ ዒላማው ይሄዳል፤ ሌላው የፊቱን ጠርዝ ተከትሎ ያቋርጠዋል። ሁለቱ በቀጤ ማዕዘን ሲገናኙ ዓይን የሚፈርደው በሚቀናው መንገድ ነው።

• ነጭ ነገር በጥቁር መደብ ላይ ሲቀመጥ ከልኩ ይልቅ ተለቅ ብሎ ይታያል። ጋሊሌዮ ይህን የዓይን ስህተት ከዋክብትን ሲያይ አስተውሎት ነበር። ዛሬ የዱላ ሠሪዎችም ነጭና ጥቁርን አጎራብተው ይቀባሉ፤ የቀለሞቹ ድንበር ቁልጭ ብሎ ሲታይ ጠርዙ ወዴት እንደዞረ አያሻማም።

• አንድ ክብ በትናንሽ ክቦች ሲከበብ ይተልቃል፤ በትላልቅ ክቦች ሲከበብ ያንሳል፤ በእርግጥ ግን ልኩ አንድ ነው። ይህ በጀርመናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በኸርማን ኤቢንግሃውስ ስም የሚጠራ የዓይን ስህተት ነው። በ2012 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ ጉድጓዱ በትናንሽ የብርሃን ክቦች ተከቦ የተለቀ ሲመስላቸው ተሳታፊዎቹ የተሻለ መቱ ብሏል። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ግን ጀማሪዎች ላይ ጽኑ ውጤት አላገኘም። ነገሩ ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው።

• ከሁለት ዓይኖቻችን አንዱ ያይላል፤ በብዙ ሰዎች ዘንድ የሚያይለው የቀኙ ነው። ዝነኛው ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ ግን የግራ ዓይኑ ኃያል ነበር። ዱላውን ወደ ኋላ ከማንሳቱ በፊት አገጩን ወደ ቀኝ ዘወር የማድረግ ልማዱም ይህ ዓይኑ ኳሱን በደንብ እንዲያይለት ይረዳው ነበር።

• ተጫዋቹ ዓይኑ ልክ ከኳሱ በላይ ካልሆነ መስመሩ ራሱ የዛነፈ ሊመስለው ይችላል። ግድግዳ ላይ ያለን ሰዓት ከጎን ሆኖ የሚያነብ ሰው ደቂቃውን እንደሚስት ማለት ነው። ጥሩ ሠሪ ይህን ስህተት ለጥቅም ያውለዋል፤ እንዴት እንደሆነ ከታች ያገኙታል።

ታሪክ የሠሩ ፑተሮች

• በኒውዮርክ ግዛት በስከነክታዲ ከተማ ይኖር የነበረው የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ አርተር ናይት፣ ዘንጉ ከራሱ ጫፍ ሳይሆን ወደ መሀሉ የገባ ፑተር ሠርቶ በ1903 የፈጠራ መብት አገኘበት። ጎልፈኛው ዋልተር ትራቪስ በ1904 ይህን ዱላ ይዞ ወደ እንግሊዝ ተሻገረና የብሪታኒያን የአማተሮች ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ከባሕር ማዶ መጥቶ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

• አር ኤንድ ኤ በ1910 ይህን ዓይነት ፑተር ከለከለ። እገዳው ለአርባ ዓመት ያህል ጸንቶ ቆየ። የአንድ ዘንግ ቦታ መለወጥ ሁለቱን የጎልፍ ሕግ አውጪዎች፣ የአሜሪካውንና የስኮትላንዱን፣ ያን ያህል ዘመን ማለያየቱ ነገሩ ምን ያህል በቁም ነገር እንደተያዘ ያሳያል።

• ካርስተን ሶልሃይም በኖርዌይ በርገን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ መሐንዲስ ነው። እርሱም እንደ ናይት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሠርቷል። በ1959 ፒንግ የተባለውን ፑተር በጋራዡ ሠራ፤ በ1966 ደግሞ አንሰር የተባለውን አወጣ። የአንሰርን የመጀመሪያ ንድፍ የሣለው በእጁ በነበረ የሸክላ ዘፈን ሽፋን ላይ ነበር። የፑተሩን ክብደት ወደ ተረከዙና ወደ ጣቱ (ወደ ራሱ ሁለት ዳርቻዎች) አካፍሎ፣ አንገቱን እንደ ቧንቧ አጥፎ ዘንጉን ከፊቱ አስቀደመው። ቀጥ ያሉ ጠርዞቹና ደረጃዎቹ ለዓይን መመሪያ ሆኑ። ዛሬ በየሱቁ የሚታዩት ብዙ ፑተሮች የዚህ ቅርጽ ልጆች ናቸው።

• ጃክ ኒክላውስ በ1986 ማስተርስ የተባለውን ታላቅ ውድድር ያሸነፈው በ46 ዓመቱ ነው። በእጁ የነበረው ማክግሪገር ሪስፖንስ የተባለ፣ ራሱ በዚያ ዘመን ዓይን እጅግ ትልቅ የሆነ ፑተር ነበር። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች በ30 ምት ጨረሰ፤ 18ኛውን ታላቅ ዋንጫም ወሰደ። ትልቅ ራስ ያለው ፑተር እንግዳ መሆኑ ከዚያ ቀን በኋላ እየቀረ መጣ።

• ዴቭ ፔልዝ በናሳ የሠራ የፊዚክስ ሰው ነው። ከኳሱ ኋላ የኳስ ልክ ያላቸውን ክቦች በተርታ ቢደረድር፣ ዓይን ክቦቹንና ኳሱን አንድ ሰልፍ አድርጎ እንደሚያያቸው ተረዳ። በ1980ዎቹ ሦስት ክብ ያለው ፑተር ሠራ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር ግን አልፈቀደውም። ምክንያቱ መስመሩ ሳይሆን ልኩ ነበር፤ ከፊት እስከ ኋላ ያለው ርዝመት ከጎን ወደ ጎን ካለው በልጦ ተገኘ።

• መፍትሔው አንዱን ክብ መቀነስ ሆነ። ኦዲሲ የተባለው ሠሪ በ2001 ሁለት ነጭ ክቦች ያሉትን ቱ ቦል ፑተር አወጣ። ኳሱ ራሱ ሦስተኛው ክብ ነው። ሦስቱ ሲሰለፉ ተጫዋቹ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሰልፉ ከተሰበረ ወዲያው ያየዋል። ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታምም ተጫውታበታለች። በጎልፍ ታሪክ እጅግ ከተሸጡት ፑተሮች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

• ሲሞር የተባለው ፑተር አሠራሩ ይለያል። በዘንጉ ሥር፣ በራሱ ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ በግራና በቀኟ ሁለት ነጫጭ መስመሮች አሉ። ዱላው በትክክል ሲያዝ የዘንጉ ጥቁር ክፍል በሁለቱ መስመሮች መካከል ገብቶ ቀይዋን ነጥብ ይሸፍናታል። ነጥቧ ከታየች ዱላው ዘንብሏል ወይም ዓይን ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው ከጎን የማየት ስህተት ጠቋሚ ሆኖ የሚያገለግለው እንዲህ ነው።

• ፔይን ስቱዋርት በሰኔ 1999 በሰሜን ካሮላይና ፓይንኸርስት በተደረገው የዩኤስ ኦፕን ውድድር ሲሞር ይዞ ገባ። በመጨረሻው ጉድጓድ 4.5 ሜትር ያህል የራቀውን ኳስ አስገብቶ ፊል ሚክልሰንን በአንድ ምት አሸነፈ። ዛክ ጆንሰንም በ2007 ማስተርስን በሲሞር ፑተር ወስዷል።

• በ2023 ዊንድሃም ክላርክ በሎስ አንጀለስ ዩኤስ ኦፕንን ሲያሸንፍ የያዘው ኦዲሲ ጄይልበርድ የተባለውን ነበር። በዚህ ፑተር ላይ ጥቁርና ነጭ ሰፋፊ ሰንበሮች ከፊቱ ጋር ጎን ለጎን ተሰምረዋል። ይህ ሐሳብ ከተለመደው ይለያል፤ ወደ ዒላማው ከሚሄድ መስመር ይልቅ የፊቱን አቅጣጫ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል።

• ስኮቲ ሼፍለር በመጋቢት 2024 ከቀጭን ፑተር ወደ ቴይለርሜድ ስፓይደር ዞረ። ያን ሳምንት የአርኖልድ ፓልመርን ውድድር አሸነፈ፤ በማግሥቱ ሳምንት ደግሞ ፕሌየርስ የተባለውን ውድድር አሸነፈ። የዓለም አንደኛ ተጫዋች እንኳ በፑተሩ ቅርጽና በዓይኑ መካከል ስምምነት ይፈልጋል።

በረጃጅሞቹ ዱላዎች ላይ

• ቴይለርሜድ በ2011 አር 11 የተባለውን ድራይቨር (ኳስን ሩቅ ለመምታት የሚያገለግል ረጅም ዱላ) ሲያወጣ የራሱን ጀርባ ነጭ፣ ፊቱን ጥቁር አደረገው። የሁለቱ ቀለሞች ድንበር የዱላውን የፊት ጠርዝ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ነጩ ቀለም የፀሐይ ነጸብራቅንም ይቀንሳል ተብሎለታል። በዱላው ሥር ባለው ተለዋዋጭ ሰሌዳ ፊቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የዞረ ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግም ይቻል ነበር።

• በካላዌይ ድራይቨሮች ጀርባ ላይ የምትታየው የቀስት ጫፍ መሰል ምልክት ለዓይን መሪ ናት። ተጫዋቹ ኳሱን በእርሷ ትይዩ ካስቀመጠ ከፊቱ መሀል ጋር ገጥሟል ማለት ነው።

• በ2007 ናይኪና ካላዌይ ማዕዘን ያላቸው፣ ከሞላ ጎደል አራት ማዕዘን የሆኑ ድራይቨሮችን አወጡ። ዋናው ዓላማ ኳሱ ከመሀል ውጭ ሲመታ ራሱ እንዳይጠማዘዝ ክብደቱን ወደ ማዕዘኖቹ ማራቅ ነበር። ቀጥ ያሉት ጎኖች ግን ለማነጣጠርም ይረዳሉ ተብሎ ተነግሯል። ብዙ ተጫዋቾች ከክቡ ቅርጽ ጋር የነበራቸው ፍቅር ስላልለቀቃቸው ፋሽኑ ብዙ አልቆየም።

• ፒንግ የተባለው ኩባንያ በ2014 በጂ 30 ድራይቨር ጀርባ ላይ ትናንሽ ጉብታዎችን ደረደረ። የተሠሩት የአየር ተቃውሞን ለመቀነስ ነው። ተጫዋቹ ሲያያቸው ግን ኳሱን በመሀላቸው ያቅፉለታል።

• ዘንጉ የሚፈታና የሚዞር ድራይቨር ያለው ሰው ልብ ይበል፤ የፊቱን ወደ ኋላ የማዘንበል ዲግሪ ሲጨምር ዱላው መሬት ላይ ሲቀመጥ ፊቱ ዘጋ ይላል፤ ሲቀንስ ይከፈታል። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሚያየውንም ምስል እየለወጠ ነው። ብዙ ባለሙያዎች ዘግቶ የሚታይ ድራይቨር አይወዱም፤ ኳሱ ወደ ግራ ይሄድብኛል የሚል ሥጋት ያሳድርባቸዋልና። ዓይን የፈራውን እጅ ሊያቃና ሲሞክር ምቱ ይበላሻል።

• በብዙ አይረኖች (የብረት ራስ ባላቸው ዱላዎች) ፊት ላይ ከታች ያለችው የመጀመሪያዋ ቦይ በነጭ ቀለም ትሞላለች። ያች ቀጭን መስመር የዱላው የታችኛው ጠርዝ ወደ ዒላማው ቀጥ ብሎ መቀመጡን የምታረጋግጥ ናት።

ሕጉ ምን ይላል?

• የፑተር ራስ ከተረከዝ እስከ ጣት ያለው ስፋት ከፊት እስከ ኋላ ካለው ርዝመት መብለጥ አለበት፤ ከ177.8 ሚሊ ሜትርም ማለፍ አይችልም። የዴቭ ፔልዝን ሦስት ክብ ያስቀረው የመጀመሪያው ድንጋጌ ነው።

• በድራይቨርና በአይረን ራስ ላይ ለማነጣጠር ተብሎ ክንፍ፣ ዘንግ ወይም ሰሌዳ መቀጠል ክልክል ነው። ራሱን በስቶ ቀዳዳ ማውጣትም አይቻልም። ለፑተር ግን ሕጉ ላላ ያለ ነው፤ አስገራሚ ቅርጽ ያላቸውን ፑተሮች የምናየው ለዚህ ነው።

• የተቀባ መስመር ወይም ነጥብ በየትኛውም ዱላ ላይ ይፈቀዳል። በኳስ ላይ መስመር አስምሮ ወደ ጉድጓዱ ማነጣጠርም ይፈቀዳል። እግርን ወይም ዱላን ለማስተካከል ብሎ ሌላ ዱላ መሬት ላይ ማጋደም ግን ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል፤ ተጫዋቹ ከመምታቱ በፊት ዱላውን ቢያነሳውም ቅጣቱ አይቀርለትም። በልምምድ ሜዳ የምናያቸው ባለቀለም ዘንጎች በውድድር ሥራ ላይ የማይውሉት በዚህ ምክንያት ነው።

• ከዚያው ዓመት ጀምሮ ካዲ (የተጫዋቹ ረዳት) ተጫዋቹ ለመምታት መቆም ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ሆን ብሎ ከኋላው መስመሩ ላይ መቆም አይችልም። የሕጉ መንፈስ ግልጽ ነው፤ ማነጣጠር የጨዋታው ክፍል ነው፤ የተጫዋቹም ኃላፊነት ነው።

• የፑተር እጀታ ክብ መሆን አይገደድም። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣቶች በጠፍጣፋው ላይ ሲያርፉ የዱላው ፊት ወዴት እንደዞረ መዳፍ ያውቃል። የሌሎቹ ዱላዎች እጀታ ግን ክብ መሆን አለበት።

ለእርስዎ የሚስማማው የቱ ነው?

• ሠሪዎች ፑተር ለሰው ሲመጥኑ አንዳንዶቹ ፊቱ ላይ ትንሽ መስታወት ይለጥፋሉ፤ ከጉድጓዱ አጠገብም የጨረር መብራት ይተክላሉ። ተጫዋቹ ካነጣጠረ በኋላ ኳሱ ይነሳል። ከመስታወቱ የሚመለሰው ብርሃን ፊቱ በእርግጥ ወዴት እንደዞረ ያሳያል። አንድ ሰው ረጅም መስመር ሲሰጡት ወደ ቀኝ ያነጣጥራል፤ መስመሩን አጥፍተው ነጥብ ብቻ ሲተዉለት ይቃናል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ነው።

• የእርስዎን ለመፈተን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጠፍጣፋ ወለል ላይ 2 ወይም 3 ሜትር ርቀው ብርጭቆ ያስቀምጡና ያነጣጥሩ፤ ከዚያ አይንቀሳቀሱ። ሌላ ሰው ማስመሪያ ከፑተሩ ፊት ጋር አስጠግቶ ያጋድም፤ ከማስመሪያው በቀጤ ማዕዘን የሚነሳው መስመር የት እንደሚያርፍ ይመልከት። ደጋግመው ይሞክሩት። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ከሆነ የሚያታልልዎ ዕድል ሳይሆን የዱላው ምስል ሊሆን ይችላል።

• መስመር ለሁሉም አይጠቅምም። ጆርዳን ስፒዝ በ2015 ማስተርስን ባሸነፈበት ዘመን አጫጭር ምቶችን የሚመታው ኳሱን ሳይሆን ጉድጓዱን እያየ ነበር። በምቱ ቅጽበት በዱላው ላይ ያለውን ምልክት አያየውም፤ ማነጣጠሩን ቀድሞ ጨርሷል።

• በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ተመራማሪ ጆአን ቪከርስ የጎልፈኞችን ዓይን እንቅስቃሴ ተከታትለው በ1992 አሳትመዋል። የተሻሉት ተጫዋቾች ከመምታታቸው በፊት ዓይናቸውን ኳሱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ሳያንከራትቱ ያሳርፋሉ። ምልክት የበዛበት ዱላ ዓይንን ካቅበዘበዘ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

• ጃክ ኒክላውስ ያስተማረው ዘዴ ምንም አያስወጣም። ከኳሱ ኋላ ቆሞ ወደ ዒላማው ያያል፤ ከኳሱ ጥቂት ራቅ ብሎ በዚያው መስመር ላይ ያለ የተለየ ሣር ወይም ቅጠል ይመርጣል። ከዚያ ዱላውን የሚያነጣጥረው ሩቅ ወዳለው ባንዲራ ሳይሆን ቅርብ ወዳለችው ምልክት ነው። ቅርብ ያለ ነገር ላይ ዓይን እምብዛም አይሳሳትም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቁም ነገር አንድ ነው። ዓይን ሜትር አይደለም፤ በአጠገቡ ባለው ቅርጽ፣ ቀለምና መስመር ይፈርዳል። ናይት፣ ሶልሃይምና ፔልዝ የተጉት ይህን ድክመት አክብረው ለማገዝ ነው። ስለዚህ ፑተር ሲመርጡ የሻምፒዮኑን ስም አይግዙ። ያነጣጥሩበት፣ ያስለኩት፤ የእርስዎ ዓይን ቀጥ ብሎ የሚያየውን ይውሰዱ።